ግድግዳውን ከመንካትዎ በፊት ውሃውን ያስቁሙ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደሴ ነው። ቤቱ ከአባታችን የወረስነው፣ በ1960ዎቹ የተሠራ ባለ አራት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። ቦታው ተዳፋት ስለሆነ ከኋላ በኩል ተቆርጦ ነው የተደለደለው፤ የጓሮው አፈር ከግድግዳው የሚርቀው አንድ ሜትር ቢሆን ነው። የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ ዙሪያውን በሲሚንቶ አስለስነን ነበር። አሁን ልስኑ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ ከሥር ከሥሩም ይረግፋል። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ ወደ ጣሪያ የሚወጣ ስንጥቅ አለ። የኋለኛው ክፍል ወለል ይረጥባል፤ የዚሁ ክፍል በር ደግሞ ክረምት ሲገባ አልዘጋ ይላል። ወንድሜ አፍርሰን በብሎኬት እንሥራው ይላል። አንድ ግንበኛ በበኩሉ የወንፊት ሽቦ መትቼ በሁለት ሳምንት አዲስ አስመስለዋለሁ ብሎኛል። እኔ ሥራ አልፈራም፤ አብዛኛውን በራሴ ሠርቼ ወጪ ብቀንስ እመርጣለሁ። የቱን ራሴ ልሥራ፣ የቱን ለባለሙያ ልስጥ? ከምንስ ልጀምር? ለመጪው ዓመት ሁለቱን ክፍል ለማከራየትም አስበናል።»

መልስ፦ ግንበኛው የሚያየው ልስኑን ነው፣ ወንድምዎ ደግሞ ግድግዳውን። እኔ ከጻፉት ውስጥ ግድግዳውን የሚያስወቅስ ነገር አላገኘሁም። ከሥር የሚረግፍ ልስን፣ የሚረጥብ ወለል፣ ክረምት ብቻ የሚያስቸግር በር፣ ከመስኮት ጥግ የሚነሳ ስንጥቅ፤ አራቱም የሚጠቁሙት ከቤቱ ኋላ ወርዶ መውጫ ያጣ ውሃ መኖሩን ነው። ያ ውሃ እያለ የሚሠራ ልስንም ሆነ ብሎኬት ወይም ሴራሚክ ገንዘብ ማባከን ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከውጭ፣ ከጓሮ፣ በዶማና በአካፋ ነው። ደግነቱ ይህ ክፍል ከሁሉም ርካሹ ነው፤ አብዛኛውንም ራስዎ መሥራት ይችላሉ።

መጀመሪያ ስለ ሲሚንቶው አንድ ነገር ላርም። «ጭቃ ቤት ሲሚንቶ ሲለብስ ይጠነክራል» የሚለውን ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ትክክል ግን አይደለም። ጭቃ እርጥበት ይቀበላል፣ መልሶም ይሰጣል። ሲረጥብ በመጠኑ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። የሲሚንቶ ልስን ደግሞ ግትር ነው፤ ከጭቃው ጋር አብሮ አይንቀሳቀስም፣ እርጥበትም እንደ ልብ አያሳልፍም። ድሮ ከመሠረቱ ወደ ላይ የሚሳበው እርጥበት በግድግዳው ፊት ተንኖ ይወጣ ነበር። አሁን ግድግዳው የላስቲክ ካፖርት ደርቦ እንደሚሠራ ሰው ከውስጥ ያልበዋል። ልስኑ ከጭቃው የሚላቀቀውና ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። መርገፉ ብዙም አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ከልስኑ ኋላ ለአሥር ዓመት ሲረጥብ የቆየው የባሕር ዛፍ ቋሚ ነው።

የወንፊት ሽቦውም የሚመታው በሚስማር ከቋሚውና ከማገሩ ላይ ነው። እንጨቱ ደህና ከሆነ አዲሱ ልስን ተይዞ ይቆያል። እንጨቱ ከበሰበሰ ግን ሚስማሩ የሚጨብጠው ነገር ስለሌለ፣ ሽቦውም ልስኑም አንድ ላይ ተንጠልጥለው ይቀራሉ፤ ይህ ደግሞ ከውጭ አይታይም። ግንበኛውን «የቋሚዎቹን እግር አይተሃል?» ብለው ይጠይቁት። ሳያይ ዋጋ ከነገረዎት የሚሸጥልዎት መሸፈኛ ነው።

ምርመራውን በራስዎ ያድርጉት። የሚያስፈልገው መዶሻ፣ መሮና ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ብቻ ነው። ከኋለኛው ግድግዳ ይጀምሩ፤ አራቱን ማዕዘኖች ደግሞ አንድም ሳያልፉ ይመልከቱ። ከወለሉ አጠገብ፣ ሜትር ተኩል ያህል እየተራራቁ፣ የተላቀቀውን ልስን በስንዝር ስፋት ያንሱና ጭቃውን ቀስ ብለው ፈልቅቀው እንጨቱን ያግኙት። ካቻቢቴውን በእጅዎ ብቻ ይጫኑት፤ አይምቱት። ጤነኛ ቋሚ ጫፉን እንኳ አያስገባም። የበሰበሰው ያለ ድካም ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያስገባል፤ ሲያወጡትም እርጥብ ብናኝ ይዞ ይወጣል። በእንጨቱ ላይ የሚሳብ ቀጭን የአፈር ቱቦ ካዩ ምስጥ ነው። ኮምቦልቻ ላይ፣ አየሩ ሞቃት ስለሆነ፣ ምስጥ ብዙ ቤት ይጎዳል። ደሴ ላይ ከምስጡ ይልቅ የማየው የእርጥበት ብስባሽ ነው። ያዩትን ሁሉ በወረቀት ላይ የቤቱን አራት ማዕዘን ስለው ምልክት ያድርጉበት፤ ይህ ወረቀት በኋላ ብዙ ገንዘብ ያድንልዎታል።

እዚህም እዚያም ተበታትነው የበሰበሱ እግሮች ካገኙ የአናጺ ሥራ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቋሚዎች ወይም አንድ የማዕዘን ቋሚ ከበሰበሰ ግን እዚያው ያቁሙ፤ መሐንዲስ ሳያየው ምንም አይንኩ። በዚያ ክፍል የሚተኛ ሰው ካለም ክፍል ይቀይር።

ወደ ስንጥቁ ስንመጣ፣ ብዙ ሰው የሚጠይቀው «በምን ልድፈነው?» ብሎ ነው። ሊጠየቅ የሚገባው ግን «እየሄደ ነው ወይስ ቆሟል?» የሚለው ነው። የስንጥቁን ሁለት ጫፎች በእርሳስ ምልክት አድርገው ቀኑን አጠገቡ ይጻፉ። ሰፋ በሚልበት ቦታ ከግራና ከቀኙ ሁለት ትናንሽ ሚስማሮች መትተው በመካከላቸው ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ይለኩ። በየወሩ በአንድ ቀን፣ ለምሳሌ የመብራት ሂሳብ በሚከፍሉበት ዕለት፣ እየለኩ ይመዝግቡ። ክረምት እየሰፋ በጋ ላይ የሚመለስ ከሆነ ከሥር ያለው አፈር እያበጠና እየተሰበሰበ ነው፤ ዋልካ አፈር ላይ የተለመደ ነው። በእኛ አካባቢ ደግሞ ከክረምቱ ሌላ በልግም ስላለ፣ አፈሩ ጥሩ በልግ በሚዘንብበት ዓመት ሁለት ጊዜ ይርሳል፣ ሁለት ጊዜ ይደርቃል። እየሰፋ ብቻ የሚሄድና የማይመለስ ከሆነ መሠረቱ ወይም የቋሚው እግር እየሰመጠ ነው ማለት ነው። ስንጥቁ ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሰመጠው የቤቱ ጥግ ነው፤ ወደ ታች የሚሰፋ ከሆነ መሃሉ ነው። እርሳስ የሚያስገባ ስፋት ካለው ወራት አይጠብቁ፤ መሐንዲስ አሁኑኑ ይጥሩ። ከዚያ ያነሰውን መለካት ይቻላል። እስኪለካ ድረስ ግን አይድፈኑት፤ የተደፈነ ስንጥቅ የሚናገረው ነገር አይኖርም።

አሁን ወደ ውሃው። የአራት ክፍል ቤት ጣሪያ 60 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ በአንድ ከሰዓት 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 1,200 ሊትር ውሃ ይወርዳል፤ ስድስት በርሜል ማለት ነው። አሸንዳ ከሌለ ግማሹ፣ ሦስት በርሜል፣ በኋለኛው ግድግዳና በጓሮው አፈር መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ይፈስሳል። ከላይ ከተዳፋቱ የሚመጣው ጎርፍ በዚህ ላይ ይጨመራል። ሐምሌና ነሐሴ ሲያልቁ መሠረቱ ምን ያህል እንደጠጣ እርስዎ ያስሉት። እኔ ብሆን ከጣሪያው አሸንዳ እጀምራለሁ፤ በኋላ በኩል ሙሉውን፣ መውረጃ ቱቦውም ከግድግዳው ቢያንስ ሁለት ሜትር ርቆ ወደ ቦይ የሚገባ። ብዙ ቤት ላይ አሸንዳ አይቼ ቱቦው ውሃውን እዚያው የማዕዘኑ እግር ሥር ሲደፋው አገኘዋለሁ። ያ ካለ አሸንዳ ከማጣት የባሰ ነው፤ የጣሪያውን ውሃ ሁሉ ሰብስቦ አንድ ቦታ ላይ ያፈስሰዋልና።

ቀጥሎ የመሬቱ ከፍታ ይታይ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከተዳፋቱ የሚንሸራተት አፈር፣ አመድና ጥራጊ ከግድግዳው ሥር ይከመራል። አባትዎ ሲሠሩት ከውጭው መሬት ከፍ ያለ የነበረው ወለል ዛሬ ከውጭው እኩል ወይም ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል። የውጭው መሬት ከውስጡ ወለል ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ይህን አፈር ማንሳት የእርስዎ ሥራ ነው፤ ሁለት ቅዳሜና እሑድ ከአንድ የቀን ሠራተኛ ጋር ይበቃዋል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ አለ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ሜትር ርዝመት በላይ አይቆፍሩ፤ የመሠረቱ ድንጋይ ማብቂያ ከታየዎት ከዚያ በታች አንድ ዶማ እንኳ አይምቱ። የድሮ ጭቃ ቤቶች መሠረት ጥልቀት የለውም፤ አንዳንዱ ቋሚ ያለ ድንጋይ በቀጥታ አፈር ውስጥ የተተከለ ነው። የተቆፈረውን ቦታ ገረጋንቲ አልብሰው ከጠቀጠቁ በኋላ፣ ከግድግዳው ወደ ውጭ በሜትር ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የሚያዘቀዝቅ የድንጋይና የሲሚንቶ ንጣፍ ይሥሩበት፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ቦይ ይኑር።

ከጓሮው አፈር በላይ ያለው ጎርፍም መቀልበስ አለበት። ከአፈሩ ጫፍ ሜትር ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ የሚቆፈር ቦይ በድንጋይና በሲሚንቶ ይነጠፍ። ያልተነጠፈ ቦይ ውሃውን ወደ ተዳፋቱ ሆድ ስለሚያሰርገው ባይቆፈር ይሻል ነበር ያሰኛል። የላይኛው ቦታ የጎረቤት ከሆነ አስቀድመው ይነጋገሩ። ውሃውን ወደ ታችኛው ጎረቤት ግቢ መልቀቅ ደግሞ ጠብ ብቻ ሳይሆን የእሱን ቤት መጉዳት ነው፤ መጨረሻው የመንገድ ዳር ቦይ መሆን አለበት። የራስዎን ቧንቧም ይጠራጠሩ። ውሃ በሚመጣበት ቀን ማታ ሁሉንም ቧንቧ ዘግተው የቆጣሪውን ቁጥር ይጻፉ፣ ጠዋት ይመልከቱት። ማንም ሳይቀዳ ከጨመረ መሬት ውስጥ የሚያፈስ መስመር አለ። የሽንት ቤት ጉድጓድ ከቤቱ በላይ በኩል ካለም የእርጥበቱ ምንጭ እሱ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ድረስ ያለው የራስዎ ሥራ ነው። የጓሮውን አፈር በተመለከተ ግን እጅዎን ይሰብስቡ። «ትንሽ ቆርጬ መተላለፊያውን ላስፋው» የሚል ሐሳብ ከመጣብዎ ይተዉት። የተዳፋትን እግር መቁረጥ ከላይ ያለው ሁሉ የሚደገፍበትን ማንሳት ነው፤ ደሴን የመሰለ በተራራና በገደል መካከል የተሠራ ከተማ የመሬት መንሸራተትን ያውቀዋል። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል በታች የሆነና ጸንቶ የቆየ አፈር ከሆነ ልምድ ያለው ግንበኛ የድንጋይ ደጋፊ ግንብ ሊሠራለት ይችላል። የግንቡ የታችኛው ስፋት የቁመቱን ግማሽ ያህል ይሁን፤ በየሜትር ተኩሉ የውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ይኑረው፤ ከኋላውም ጠጠር ይሞላ። ቀዳዳ የሌለው ግንብ አፈሩን ብቻ ሳይሆን የተጠራቀመውን ውሃ ግፊትም ይሸከማል፤ የሚወድቀውም አብዛኛውን ጊዜ ክረምት ላይ ነው። ቁመቱ ከዚያ ከበለጠ ያለ መሐንዲስ ስሌት አይሠራም። ጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን፣ ውሃ በራሱ ስለሚያሳልፍ ለእንዲህ ያለ ቦታ ጥሩ አማራጭ ነው፤ ነገር ግን ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፣ የእርስዎ መተላለፊያ ደግሞ ጠባብ ነው።

የበሰበሰ የቋሚ እግር መቀየር የሚያስፈራውን ያህል ከባድ ሥራ አይደለም፤ ግን ለጀማሪ አይሆንም። አናጺው የጣሪያውን ክብደት ከላይኛው አግዳሚ ሥር በጊዜያዊ ድጋፍ ይይዛል፣ የበሰበሰውን ክፍል ጤነኛው እንጨት እስኪገኝ ቆርጦ ያወጣል፣ በቦታው ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ ወይም የኮንክሪት እግር ይሠራለታል። እንጨቱ ከዚያ በኋላ አፈር አይነካም። በአንድ ጊዜ አንድ ቋሚ ብቻ ይነካል፤ ኮንክሪቱ ሳምንት ያህል ውሃ እየጠጣ ሳይጠነክር ወደ ቀጣዩ አይታለፍም። «አምስቱንም ዛሬ እንጨርሳለን» የሚል አናጺ ካጋጠመዎት ያሰናብቱት። እንዲህ ያለ ሥራ የሠራበትን አንድ ቤት እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ እርስዎ ረዳት ሆነው ይሥሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጭቃ መልሶ የእርስዎ ነው። የሚረግፈውን ሲሚንቶ ከሥር እስከ አንድ ሜትር ቁመት ያንሱት፤ ሲያንኳኩት ጥሩ ድምፅ የሚሰጠውን የላይኛውን ክፍል ለጊዜው አይንኩ። ግድግዳው በጋውን ሙሉ ራቁቱን ይድረቅ። ቀይ አፈሩን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክተው ሳምንት እየረገጡ ያቆዩት፤ የተቻኮለ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። በዚህ ጉዳይ ከእኔም ከግንበኛውም ይልቅ የሰፈርዎ እናቶች ያውቃሉ፣ አንዷን ያማክሩ። የመጨረሻው ንብር በኖራ ይሁን። የዘይት ቀለም አይቀቡት፤ የሲሚንቶውን ጥፋት መድገም ነው።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ ድርድር የለም። በዚያ ዘመን የተዘረጋ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቱቦ ጭቃው ውስጥ የተቀበረ ወይም በጣውላ ላይ የተመታ ነው፤ ሽፋኑም ደርቆ ይሰባበራል። በረጠበ ግድግዳ ላይ ይህ ለሕይወት አስጊ ነው። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን እስከ 4 ኪሎ ዋት ገደማ ሊወስድ ስለሚችል በ220 ቮልት 18 አምፔር ያህል ይስባል። ለመብራት በተዘረጋ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ላይ ከተሰካ ሽቦው ይግላል። ምጣዱ ከብሬከሩ የሚነሳ የራሱ 4 ካሬ መስመር፣ ሶኬቶቹ 2.5 ካሬ፣ ቤቱ በሙሉ ደግሞ የምድር ሽቦ ይኑረው። ይህን ብቃቱ የተረጋገጠ ኤሌክትሪሽያን ይሥራው። ከቆጣሪው በፊት ያለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ ኤሌክትሪሽያኑም ቢሆን አይነካውም።

የወንድምዎን ሐሳብ አልናቅኩትም፤ ምክንያቱ ግን የተሳሳተ ነው። ብሎኬት በራሱ ጠንካራ ነገር አይደለም። የ15 ሳንቲ ሜትር የጭቃ ግድግዳና ሁለት ወገን የተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ በክብደት ያን ያህል አይራራቁም። የሚለያዩት መሬቱ ሲንቀሳቀስ በሚያሳዩት ጠባይ ነው። በእንጨት የታሰረ ጭቃ ይታጠፋል፣ ይሰነጠቃል፣ ግን ተያይዞ ይቆማል። ያለ ኮንክሪት ማሰሪያ የተደረደረ ብሎኬት ግን ይፈርሳል። እኛ የምንኖረው በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ያወደመ ነው፤ ካራ ቆሬ ደግሞ ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ ሲወርዱ መንገድ ላይ ያለ ከተማ ነው። ስለዚህ በብሎኬት ከተሠራ ጠንካራ መሬት ድረስ የወረደ መሠረት፣ ግሬድ ቢም (ከመሠረቱ ላይ የሚዞር የኮንክሪት ማሰሪያ)፣ የኮንክሪት ዓምዶችና ከላይ ቶፕ ታይ ቢም (በግድግዳው አናት የሚዞር ማሰሪያ) ሊኖረው ግድ ነው። ይህ ሁሉ ሲደመር ወንድምዎ በልባቸው ካሰቡት ዋጋ በእጅጉ ይበልጣል። ውሃው እዚያው ካለ ደግሞ አዲሱም ቤት ከጥቂት ክረምት በኋላ ያው ስንጥቅ ይወጣዋል።

ከሁሉም የከፋው ብዙ ሰው የሚመርጠው መካከለኛ መንገድ ነው፤ ጣሪያውን ሳያወርዱ አንድ አንድ ግድግዳ እያፈረሱ በብሎኬት መተካት። ሲያልቅ ግማሹ የሚታጠፍ፣ ግማሹ የማይታጠፍ፣ በምንም ያልተያያዘ ቤት ይሆናል። ይህን አልመክርም። ማፍረስ ትክክል የሚሆነው ማዕዘኖቹ ከበሰበሱ ወይም ግድግዳው ካዘመመ ነው። መዝመሙን ቱንቢ ከላይ አንጠልጥለው ይለኩት፤ በ2.5 ሜትር ቁመት ከ3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር በላይ ከወጣ የመሐንዲስ ጉዳይ ነው።

ስለ ወረቀት ባጭሩ፤ ካርታው እስካሁን በአባትዎ ስም ከሆነ ትልቅ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የወራሽነቱን ጉዳይ ከወንድምዎ ጋር በፍርድ ቤት ይጨርሱት። ልስን መጠገንና ቦይ መቁረጥ ሌላ ነው፤ ግድግዳ ማፍረስ፣ ክፍል መጨመርና ደጋፊ ግንብ መሥራት ግን ፈቃድ ስለሚጠይቅ ክፍለ ከተማውን አስቀድመው ያነጋግሩ።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ፣ ባለሙያ መቼ ይጠራ ወዳሉት ስንመለስ፣ የእኔ መለኪያ ሥራው ከተበላሸ ምን እንደሚሆን ማየት ነው። ተበላሽቶ የሚያስቀይም ብቻ ከሆነ ራስዎ ይሥሩት፤ ቀለም፣ ጭቃ፣ ቦይ፣ ንጣፍ፣ አሸንዳ። ተበላሽቶ ሰው ላይ የሚወድቅ ወይም ሰው የሚይዝ ከሆነ ለባለሙያ ይስጡት፤ ቋሚ፣ ጣሪያ፣ ደጋፊ ግንብ፣ መብራት። የመጀመሪያው የሚከፈለው ገንዘብ ደግሞ ለአንድ ሲቪል መሐንዲስ የአንድ ጊዜ ጉብኝት ይሁን። ፕላን እንዲነድፍ ሳይሆን አይቶ በአንድ ገጽ እንዲጽፍልዎ ነው፤ የቱ ቋሚ ይቀየር፣ አፈሩ ይታመናል ወይስ አይታመንም፣ ቤቱ መታደስ ይችላል ወይስ አይችልም። የቋሚዎቹን ንድፍ፣ የስንጥቁን መዝገብና ክረምት ላይ የተነሱ ፎቶዎች ካቀረቡለት የሁለት ቀን ሥራውን በሁለት ሰዓት ይጨርሳል። ኮምቦልቻ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ስላለ መሐንዲስ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

ሠራተኛ ሲቀጥሩ አከፋፈሉ ከሥራው ጋር ይሂድ። የሚለካ ሥራ፣ ማለትም ንጣፍ፣ ቦይ፣ አሸንዳ፣ በሜትር ወይም በቁርጥ ይሁን። የቋሚ ሥራ ግን በቀን ይሁን፤ በቁርጥ የተዋዋለ አናጺ ያልታሰበ ብስባሽ ሲያገኝ ከኪሱ ስለሚወጣበት ይሸፍነዋል፤ በቀን የሚከፈለው ጠርቶ ያሳይዎታል። ዕቃውን ራስዎ ይግዙ። አሸዋውን በላስቲክ ጠርሙስ ከውሃ ጋር ንጠው ያስቀምጡት፤ ከላይ የሚረጋው ጭቃ ከአሸዋው 6 በመቶ ከበለጠ ለኮንክሪት አይሆንም። ቆርቆሮ የሚቀይሩ ከሆነ የጌጅ ቁጥሩ ከፍ ሲል ውፍረቱ እንደሚቀንስ አይርሱ፤ ባለ 35 ጌጅ ርካሽ የሆነው ስለሳሳ ነው። ቀብድ ለዕቃ ከሚያስፈልገው አይለፍ፤ ከእጅ ዋጋው አሥር በመቶው ደግሞ የመጀመሪያው ጥሩ ዝናብ እስኪያልፍ ድረስ በእጅዎ ይቆይ። ይህንን በወረቀት አስፍራችሁ በምስክር ፊት ተፈራረሙ።

ጊዜው እንዲህ ቢሆን እመክራለሁ። በጥቅምትና በኅዳር ምርመራው፣ መሐንዲሱና የጓሮው ውሃ፤ በታኅሣሥና በጥር የቋሚዎቹ እግርና መብራቱ። በልጉ ከገባ የሠሩት ቦይና አሸንዳ ይፈተናል፤ የሚያፈስበትን ያኔ ያርሙት። ከዚያ ክረምቱን እየለኩ ያሳልፉ። ልስኑ፣ ቀለሙና ወለሉ ከሚቀጥለው መስከረም በፊት አይጀመር። «በሁለት ሳምንት» ካለዎት ግንበኛ አንጻር ይህ ረጅም ነው፤ ግን የእሱን ዓይነት ሥራ ከአሥር ዓመት በፊት ሞክረውታል።

ይህ ሁሉ ምክር የሚሠራው ተዳፋቱ ራሱ ካልተንቀሳቀሰ ነው። ከቤቱ በላይ ባለው መሬት ላይ እንደ ጨረቃ የታጠፈ ስንጥቅ ካዩ፣ ዛፎች ወይም የአጥር እንጨቶች ወደ ታች ማዘንበል ከጀመሩ፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ ምንጭ በጓሮው አፈር ላይ ከፈለቀ፣ ጉዳዩ የቤት እድሳት መሆኑ ቀርቷል። ያኔ አንድ ብር እንኳ አያውጡበት፤ ሰዎቹን ከኋለኛው ክፍል አውጥተው ለቀበሌውና ለከተማው አስተዳደር ያመልክቱ።

ኪራዩን በተመለከተ፣ የፊት ሁለቱን ክፍሎች የመብራቱ ሥራ ካለቀና የማዕዘን ቋሚዎቹ ጤነኛ መሆናቸው ከተረጋገጠ ከየካቲት ጀምሮ ማከራየት ይችላሉ። የኋለኛውን ክፍል ግን አንድ ክረምት ሙሉ ደርቆ ሳያዩት ለማንም አያከራዩት፣ ዕቃ ማስቀመጫም ቢሆን።